ሁለተኛዋ ካንዴላ ደረቅ ነበረች

 

ዛሬ የምናወራችሁ ስለ አንዲት መኪና ነው። መኪና የሌላችሁም ብታነቡት አትከስሩም፤ ውስጡ የአንድ ሰው ሐቅ አለበት። በደሉን የፈጸምነው እኛው ስለሆንን ታሪኩን ሌላ ሰው ከሚያወራው ራሳችን ብናወራው ይሻላል ብለን ነው።

እኛ ሦስት ወንድማማቾች ነን። ቢቸና ውስጥ አንዲት የጨርቅ ሱቅ አለችን። አባታችን ወደ አኼራ ከሄደ በኋላ የእናታችን ድርሻ ዝም ብሎ ከሚቀመጥ ብለን፣ እኛም የዕቁባችንን ጨምረንበት፣ በ2012 አንዲት ያገለገለች ቶዮታ ያሪስ ከአዲስ አበባ ገዛን። ባለ 1300 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን መኪና ናት። ሊብሬው በታላቃችን ስም ቢሆንም ገንዘቡ በአብዛኛው የእናታችን ነው። ኮንትራት ሠርታ የምታስገባውም ለእናታችን ነበር። እናታችን ስኳር አለባት፤ የመድኃኒቷም የምርመራዋም ወጪ ከዚችው መኪና ይሸፈን ነበር።

የሚነዳልን አንድ ልጅ ነበር። ልጅ እንላለን እንጂ ሠላሳ ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ የሁለት ልጆች አባት ነው። ስሙን አንጽፍም። ከቢቸና ሞጣ፣ ከሞጣ ቢቸና በደብረ ወርቅ፣ በፈለገ ብርሃንና በጉንደ ወይን በኩል ይመላለሳል። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታማሚ ያደርሳል፣ ነጋዴ ይይዛል፣ ሠርግ ያጅባል። አንዳንዴም ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ ይገባል። የቢቸናን ዙሪያ የምታውቁ የክረምቱን ጥቁር ዋልካ ታውቁታላችሁ፤ ጎማ ሲይዝ አይለቅም። ልጁ ግን መኪናዋን አንድ ቀን እንኳ ጭቃ ተሸክማ አሳድሯት አያውቅም። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራ።

በ2014 ሐምሌ ላይ አንድ ማታ ሒሳቡን ሊያስረክብ ሲመጣ፣ «ጋሼ፣ ሞተሯ መቆራረጥ ጀምራለች። ዝናብ ሲመታት ይብስባታል» አለ።

ይህቺን አረፍተ ነገር ያዙልን። መልሱ ግማሹ በእሷ ውስጥ ነበር። እኛ የሰማነው ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

ለማታውቁት፣ አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር አራት ሰው እንደተሸከመው ቃሬዛ ነው። አንዱ ትከሻውን ሲያነሣ ሦስቱ መሸከማቸውን አይተዉም፤ ቃሬዛው ግን ይንገዳገዳል። መኪናዋ ቆማ በሚኒሞ ስትሠራ ሞተሩ በደቂቃ 700 ጊዜ ያህል ይዞራል። በዚያ ጊዜ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ ስድስት ጊዜ ገደማ መተኮስ አለበት። አንዱ ሲያቅተው መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ይጠፋል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር ምልክት ትበራለች። አንድ ሲሊንደር እንዲተኩስ ደግሞ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የታመቀ አየር፣ ቤንዚን፣ በሰዓቱ የሚመጣ እሳት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይሠራም። ነገሩ በዚህ ልክ ቀላል ነው፤ የትኛው እንደጎደለ ሳይለዩ ዕቃ መግዛት ከጀመሩ ግን ማብቂያ የለውም። እኛም መግዛት ጀመርን።

በመጀመሪያ የጠረጠርነው ቤንዚኑን ነው። ያን ሰሞን ቤንዚን ከማደያ ይጠፋ ነበር፤ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ደግሞ ላምባ ይቀላቀልበታል ይባላል። ታናሻችን ልጁን አንድ ቀን ከመንገድ ዳር ሲገዛ አይቶታል። ጠየቅነው። «ማደያ ጠፍቶ፣ ታማሚ ይዤ ነበር» አለ። እሺ ብለን ዝም አልን፤ ነገሩን ግን በሆዳችን ያዝነው።

ቢቸና ካለ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ታንከሩ ተገለበጠ፣ አራት ካንዴላ በ2,400 ብር ተገዛ። ለሁለት ቀን ደኅና ሆና እንደገና ጀመራት። ስካነር የያዘ ሰው አስመጣን፤ መሣሪያውም «ፒ 0302» የሚል አሳየ። ይህ ቁጥር ትርጉም አለው። 030 ሲሊንደር አለመተኮሱን ይናገራል፤ የመጨረሻዋ 2 ደግሞ የትኛው እንደሆነ ትጠቁማለች፦ ሁለተኛው። ኮምፒውተሩ ይህን የሚያውቀው ሞተሩ ሲዞር በየትኛው ምት ላይ በጥቂቱ እንደሚዘገይ ቆጥሮ ነው። ስለዚህ ማን እንዳልሠራ ይነግራችኋል፤ ለምን እንዳልሠራ ግን አይነግራችሁም። እኛ ይህን አላወቅንም። ማሽኑ ፍርድ የሰጠ መሰለን።

መካኒኩ «ኮይሉ ነው» አለ። ያገለገለ ኮይል በ3,500 ብር ተገዛ። አልዳነችም። ልጁ ያን ቀን አጠገባችን ቆሞ ነበር። የወጣችውን ካንዴላ ከመሬት አንሥቶ አሸተተና፣ «ይቺ ሁለተኛዋ ደረቅ ናት። ስትቆራርጥም አውጥቼ አይቻታለሁ፣ ቤንዚን ቤንዚን አትልም» አለ።

መካኒኩ «አንተ ንዳ፤ ሙያውን ለባለሙያው ተው» አለው። እኛም ሳቅን። ያ ሳቅ ዛሬም ትዝ ሲለን ያሳፍረናል።

ቀጥሎ ኢንጀክተሮቹ ወጥተው ታጠቡ፤ 1,600 ብር። ይኼኔ መኪናዋ ዳነች! አራት ቀን እንደ አዲስ ሄደች። በአምስተኛው ቀን ልጁ ወደ ገጠር ወጥቶ ዝናብ ሲመታው ውሎ ሲመለስ እየተንገጫገጨች ገባች። እንግዲህ የእኛን ሒሳብ ተመልከቱ፦ ሲታጠብ ዳነች፤ እሱ ይዟት ሲወጣ ታመመች፤ እሱ ደግሞ ከመንገድ ዳር ሲገዛ ታይቷል። ስለዚህ ላምባ የተቀላቀለበት ርካሽ ቤንዚን እየሞላ ልዩነቱን ኪሱ ይከታል። ሦስታችንም ተስማማን። ሦስት ሰው ሲስማማ ነገሩ እውነት ይመስላል።

ቢቀር በጓዳ ብንነግረው። ሰው በተሰበሰበበት ሻይ ቤት፣ ሌሎች ሾፌሮች እየሰሙ፣ «የእናታችንን ገንዘብ በላምባ አቃጠልከው» አልነው። ልጁ ትንሽ ዝም አለ። «ወላሂ አላደረግኩትም» አለና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። አልተከራከረም። እኛም ዝምታውን እንደ ማመን ቆጠርነው።

እሱ ከሄደ በኋላ መኪናዋን ታላቃችን ያዛት። ቤንዚን ከማደያ ብቻ፣ ሌሊት ተሰልፈን እናስቀዳለን። መቆራረጧ አልቀረም። የነዳጅ ፓምፕ ተባለ፤ 5,500 ብር። አልዳነችም። በመጨረሻ ኮምፕሬሽን ተለካ። ከስካነሩ ጋር 900 ብር ከፈልን። የአራቱም ሲሊንደር ንባብ መጽሐፉ ላይ ካለው ቁጥር ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። «ሞተሩ ደክሟል፤ ቴስታታው ይውረድ» ተባለ፤ ዋጋውም 45,000 ብር። እስከዚያ ያወጣነው 13,900 ብር ሆኗል። ታላቃችን ከሱቁ ዕቃ ሸጠን እናሠራት አለ። እናታችን የዚያን ወር ምርመራዋን «ደኅና ነኝ፣ ለሚቀጥለው ወር ይደር» ብላ ትታዋለች። እኛም እሺ ብለናት ነበር።

በነሐሴ ሞጣ የአክስታችን ልጅ ኒካሕ ነበረ። ቴስታታው ከመውረዱ በፊት በዚህ እንድረስ ብለን እናታችንን ከኋላ አስቀምጠን ከቢቸና ተነሣን። ፀሐይ ነበር፤ መኪናዋም ደኅና ሄደች። ከጉንደ ወይን ካለፍን በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዶፍ ወረደ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዳገቱ ላይ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ስትወጣ ሁላችንም ዝም አልን። እናታችን ከኋላ ሆና፣ «ልጁ የለም። ዛሬስ ላምባውን ማን ጨመረባት?» አለች።

ማንም አልመለሰላትም። ሞጣ እስክንገባ ድረስ በመኪናው ውስጥ የሚሰማው የዝናቡና የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ዘመዶቻችን አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋ ወሰዱን። ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ሽቦ ላይ የፈጁ ሰው ናቸው። ኮፈኑን ከፈትንላቸው። የተገዛውን ሁሉ ዘረዘርን፣ የስካነሩን ቁጥር ነገርናቸው። ጨርሰን ዝም እስክንል ጠበቁና፣ «መቼ መቼ ነው የሚያደርጋት?» አሉ።

ተያየን።

«የሚነዳት ማን ነው?» አሉ። ሾፌር እንደነበረንና እንደሄደ ነገርናቸው። ለምን እንደሄደ አልነገርናቸውም። «ደውሉለት፤ ሁለት ዓመት አብሯት የዋለ እሱ ነው» አሉ።

ታላቃችን ስልኩን አውጥቶ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ደወለ። ልጁ አነሣ። ያኔ የቀን ሥራ እየሠራ ነበር፤ እህል መጋዘን ውስጥ ኩንታል ይሸከማል። ስልኩን ለሽማግሌው ሰጠናቸው። ልጁ ሊዘጋው ይችል ነበር፤ ሊያኮርፍም መብቱ ነበር። እሱ ግን አንድ በአንድ ነገራቸው፦ ዝናብ ሲመታትና ጠዋት ጤዛ ሲኖር ይጀምራታል፤ ሞተሩ ግሎ ሲደርቅ ይተዋታል፤ ጉድጓድ ስትመታ አንዳንዴ ራሷ ትመለሳለች፤ ሁለተኛዋ ካንዴላ ደረቅ ናት። ሽማግሌው «ጎሽ የኔ ልጅ» ብለው ስልኩን መለሱልን። ወዲያው እጃቸው ወደ ሽቦዎቹ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን በዝርዝር የምንጽፈው ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብለን ነው።

መጀመሪያ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ኮይል አቀያየሩ። ጥፋቱ የኮይሉ ቢሆን ኖሮ አብሮት ወደ ሦስተኛው ይሄድ ነበር። አልሄደም፤ ሁለተኛው ላይ ቀረ። ይህ ፈተና ዋጋው ዜሮ ብር ነው። እኛ 3,500 ከፍለንበታል።

«እሳት አጥቶ የማይሠራ ሲሊንደር ቤንዚኑ ሳይቃጠል ስለሚቀር ካንዴላው ረጥቦ ይወጣል፣ ይሸታል» አሉን። «ቤንዚን ያጣ ግን ካንዴላው ደረቅ ነው። ልጁ ገና በመጀመሪያው ቀን እሳቱ ደኅና ነው፣ የጎደለው ቤንዚን ነው ብሏችኋል። ቃሉን አላወቀው ይሆናል እንጂ ነገሩን አግኝቶታል።»

ኮምፕሬሽኑስ አልናቸው። ሳቁ። «አራቱ እኩል ናቸው?» አሉ። እኩል ናቸው አልን። «እንግዲያው ሞተሩ ጤነኛ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ነው።» ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያሉ ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ሲሊንደሩ የሚያምቀውም ያንኑ የሳሳ አየር ነው። ስለዚህ መለኪያው ሩብ ያህል ዝቅ ማለቱ የእኛ አገር ልክ ነው። መታየት ያለበት አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ መውረዱ ነው። 45,000 ብር ልናወጣ የነበረው ለሞተሩ ድካም ሳይሆን ለተራራው ከፍታ ነበር።

ቀጥሎ ረጅም ካቻቢቴ አንሥተው ጫፉን ኢንጀክተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። የሚሠራ ኢንጀክተር ጠቅ ጠቅ ይላል። በአንድ ሃይላንድ ክዳን ላይ በሚስማር ቀዳዳ አበጅተው፣ የሽቦውን ጥቅል ቀስ እያሉ ከዳር እስከ ዳር ውኃ ረጩት። ከሞተሩ ጀርባ፣ ጥቅሉ አንድ የብረት መያዣ ላይ ተጠምዞ የሚያልፍበት ቦታ ሲደርሱ መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። ካቻቢቴውን ለታላቃችን ሰጡት። የሦስቱ ኢንጀክተሮች ድምፅ ይሰማል፤ ሁለተኛው ዝም ብሏል።

ታናሻችን ሽቦው ቀድሞ በቴስተር እንደተለካና ደኅና እንደተባለ ነገራቸው። ቢቸና ሳለን መካኒኩ ሁለቱን ጫፍ ሲነካው ቴስተሩ ጢጥ ብሎ ነበር። ሽማግሌው፣ «ጢጥ ማለት ምስክር አይሆንም» አሉ። ብዙ ቴስተሮች 30 ወይም 50 ኦም መጠን ያለው እንቅፋት ቢያገኙም ይጮኻሉ፤ በሽቦው ውስጥ የሚልኩትም እጅግ ጥቂት ጅረት ነው። ኢንጀክተሩ ራሱ 14 ኦም ገደማ ነው፤ ሲከፈት ከአንድ አምፔር ትንሽ ያነሰ ይስባል። ሽቦው ላይ ሌላ አሥር ወይም ሃያ ኦም ከተጨመረበት ኢንጀክተሩ ጉልበት አጥቶ አይከፈትም፤ ቴስተሩ ግን ሽቦው አለ ብሎ ይጮኻል።

እሳቸው በሌላ መንገድ ፈተኑት። የሽቦውን ሁለት ጫፍ ከኮምፒውተሩም ከኢንጀክተሩም ነቀሉት። በአንዱ ጫፍ የባትሪ ጅረት ሰጡ፤ በሌላው ጫፍ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል አንጠለጠሉና የአምፖሉን ሌላ እግር ወደ ማሳ አሠሩ። አምፖሉ ወደ 2 አምፔር ይጠይቃል። ጤነኛ ሽቦ አምፖሉን ቦግ ያደርገዋል፤ የእኛው እንደ ከሰል ፍም ቀላ። ጥቅሉን ሲያወዛውዙት ጭራሽ ጠፋ። «ሽቦ የሚፈተነው ተሸክሞ ነው» አሉ።

ያንን ቦታ በምላጭ ከፈቱት። የፋብሪካው መጠቅለያ ላይ ሌላ ጥቁር ፕላስተር ተደርቦበታል። ውስጡ አንድ ቅጥያ ነበር። ከእኛ በፊት የሆነ ሰው ተቆርጦ የነበረውን ሽቦ በእጁ ጠምዝዞ፣ ስታኞ ሳይነካው፣ በፕላስተር ሸፍኖታል። ማን እንደሆነ አናውቅም፤ አይጥ በልቶት ይሁን ተጋጭታ ይሁን አናውቅም። ፕላስተሩ ብረቱ ላይ እየተፋተገ ተሸንቁሯል፤ ውኃ ገብቶ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። ከክሮቹ የቀሩት ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። ሲደርቅ ይነካሉ፤ ሲረጥብና ሲንቀጠቀጥ ይለቃሉ። ኢንጀክተሩ ሲታጠብ አራት ቀን የዳነችውም ሶኬቱ ሲነቀልና ሲሰካ ጥቅሉ ስለተነካካ ነው። ላምባ የለም። ሌባ የለም። የጣት አንጓ የምታክል ቦታ ናት።

ንጹሕ መዳብ እስኪወጣ ድረስ ሁለቱንም ጫፍ ቆረጡ፤ ልኩን ሽቦ አስገብተው በስታኞ በየዱት፤ በሙቀት የሚኮማተር ፕላስቲክ አለበሱት፤ ጥቅሉንም ከብረቱ አርቀው አሠሩት። እንደገና ውኃ ረጩበት። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። አልሐምዱሊላህ። ስንት እንክፈል አልናቸው። 400 ብር አሉ።

ታላቃችን ገንዘቡን እየቆጠረ ሳለ እንባ ያዘው። ሽማግሌው የብሩ መሰላቸው፤ «በዛ እንዴ?» አሉ። ያኔ ልጁን ለምን እንዳባረርነው ነገርናቸው። ብዙ አልተናገሩም። ዕቃቸውን እየሰበሰቡ፣ «ሽቦውን እኔ ቀጥዬላችኋለሁ» ብቻ አሉን። የቀረው የእናንተ ነው ማለታቸው እንደሆነ ገባን።

ቢቸና ስንደርስ ከመግሪብ በኋላ ልጁ ቤት ሄደን ይቅርታ ልንጠይቅ ተነሣን። እናታችን በር ላይ አስቆመችን። «በሰው ፊት ያላችሁትን በጓዳ አትመልሱት» አለች።

በማግሥቱ ያንኑ ሻይ ቤት፣ ያንኑ ሰዓት መረጥን። ልጁን ለምነን አመጣነው። ያኔ የነበሩት ሾፌሮች አብዛኞቹ ነበሩ። ታላቃችን ቆሞ ያቺን የተቆረጠች ሽቦ ከኪሱ አወጣ፤ ምን እንደነበረች አስረዳ። «ላምባ ብለን የከሰስነው ውሸት ነው። አልጠየቅነውም፣ አልሰማነውም፣ አዋረድነው። አውፍ እንዲለን ነው የመጣነው» አለ። እኛም ተነሥተን ያንኑ አልን። የ26 ቀን ደሞዙንም አብረን ሰጠነው።

ልጁ አውፍ አለን። ገንዘቡንም «የልጆቼ ነው» ብሎ ተቀበለ። ታላቃችን ቁልፉን ሲዘረጋለት ግን እጁን አልዘረጋም።

«ለምን?» አልነው።

«ጋሼ፣ ደግማ ስትቆራርጥ ማንን ታያላችሁ?»

ለዚህ መልስ አልነበረንም። አሁን የሌላ ሰው መኪና ይዟል። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ አይነፍገንም። ለእናታችን ዒድ ሲሆን መጥቶ እጇን ይስማል። የእኛን መኪና ግን አልነካትም። ደሞዙን መለስንለት፤ ኩንታል የተሸከመበትን ጀርባ ግን አልመለስንለትም። ስሙም ቢሆን፣ ያን ማታ ሰምተው ማስተባበያውን ያልሰሙ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈውም ምናልባት ከእነሱ አንዱ ጋ ይደርስ ይሆናል ብለን ነው።

መኪና ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች ከከፈልነው ትምህርት አራት ነገር እናካፍላችሁ፦

1ኛ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት አቀያይሩ። የተጠረጠረውን ኮይል ወይም ካንዴላ ከጎረቤቱ ጋር ለውጡና ጥፋቱ አብሮት ይሄድ እንደሆነ እዩ።

2ኛ፣ የስካነር ቁጥር አድራሻ ነው፤ ቤቱን ያሳያል፣ ጥፋተኛውን አይዝም።

3ኛ፣ ነገሩ በዝናብ፣ በጉድጓድ ወይም በሙቀት የሚለዋወጥ ከሆነ ሽቦና ሶኬት ቀድሞ ይታይ። በጢጥታ ብቻ አትመኑ፤ ሽቦው በአምፖል ተጭኖ ይፈተን። ሽቦ ስታስቀጥሉም በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተሸፈነ አትቀበሉ።

4ኛ፣ የሚነዳውን ጠይቁ። ሙያውን ባያውቅም ድምፁን ያውቀዋል።

መኪናዋን አሁን ሌላ ልጅ ይነዳታል። እናታችንም ያቋረጠችውን ምርመራ በዚያው ወር አድርጋለች፤ ደኅና ናት። ባለፈው ሳምንት አዲሱ ልጅ ማታ ሒሳብ ሊያስረክብ መጣና፣ «ጋሼ፣ የፊት ፍሬኗ መጮኽ ጀምሯል» አለ። ታናሻችን አፉን ሲከፍት አየነውና ፈራን። እሱ ግን ወንበር ስቦ አስቀመጠው።

«መቼ መቼ ነው የሚያደርጋት?» አለው።

አላህ የሰው ሐቅ ከመብላት ይጠብቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።